ፓራሹቱ ትከሻዬን ገደለው፤ ማሰሪያውን ባላላውስ?

ጀማሪ አብራሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የአክሮባቲክ በረራ ትምህርት ከጀመርኩ ሁለት ወር ሊሆነኝ ነው። የምለብሰው በጀርባ የሚታዘለውን ፓራሹት ነው፣ ቁመቴም አጭር ነው። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ትከሻዬ ይዝላል። የእግሩ ማሰሪያ ብሽሽቴን ይቆርጠኛል። ከሁሉ የከፋው ግን ስንገለበጥ ነው፤ ቀበቶዬን የቻልኩትን ያህል አጥብቄም ከመቀመጫው ብድግ እላለሁ፣ ያን ጊዜ እጄ ሳላስበው መሪውን ጭምድድ አድርጎ ይይዛል። ትናንት የእግሩን ማሰሪያ ትንሽ አላላሁትና በጣም ተመቸኝ። እንዲህ ሆኜ ብበር ችግር አለው? ከወገቤ ጀርባስ ስፖንጅ ባስገባ?

ፓራሹት አጣፊ፦ እህቴ፣ እባክሽ አታላይው። ፓራሹት ሲከፈት ሰውነትሽን በድንገት ወደ ላይ ይጎትታል። ያን ኃይል በዋናነት የሚቀበሉት ጭንሽ ላይ ያሉት ማሰሪያዎች ናቸው። ላልተው ከጠበቁሽ ክፉኛ ይመቱሻል፣ ሲብስም ከማሰሪያው ሾልኮ መውጣት አለ። የደረቱም እንደዚያው ነው።

ቁመትሽ አጭር ከሆነ ጥፋቱ የማሰሪያው መጥበቅ ላይሆን ይችላል። ካንቺ በፊት የለበሰው ሰው ረጅም ከነበረ ፓራሹቱ በሱ ልክ ተስተካክሎ ቀርቷል ማለት ነው። ትርፉን ወደ ውስጥ ሰብስቢው። ቆመሽ ስታጠብቂው ትንሽ ጎንበስ ሊያደርግሽ ይገባል፤ ስትቀመጪ ይላላል። ማሰሪያው እንዳይጠማዘዝ በጣትሽ ተከትለሽ እይው። ብሽሽት የሚቆርጠው ብዙ ጊዜ የተጠማዘዘ ማሰሪያ ነው፣ አለዚያም ኪስ ውስጥ የቀረ ቁልፍ።

የአክሮባት አሰልጣኝ፦ ከላይ የተባለው ትክክል ነው። ስለ ትከሻሽ ልጨምር። ፓራሹቱ 7 ኪሎ ቢሆን ሉፕ (ሽቅብ ዞሮ ሙሉ ክብ መሥራት) ስትጀምሪ በ4 ጂ ላይ፣ ማለትም ክብደት አራት እጥፍ ሲሰማ፣ 28 ኪሎ ይሆናል። ከታች የሚደግፈው ነገር ከሌለ ያ ሁሉ የሚንጠለጠለው ትከሻሽ ላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መቀመጫው ውስጥ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ግቢ፣ ዳሌሽና ፓራሹቱ ሁለቱም ይደገፉ። ወንበሩ የራሱ የጀርባ ትራስ ካለው መነሳት ይችል እንደሆነ የአውሮፕላኑን መመሪያ እይና አስተማሪሽን ጠይቂ። ብዙ አውሮፕላን ላይ የዚያ ትራስ ቦታ የፓራሹቱ ቦታ ነው።

ግልብጥ በረራ ወዳጅ፦ ብድግ ስለማለቱ እኔም ብዙ ተሠቃይቻለሁ። ቅደም ተከተሉን እያበላሸሁ ነበር፤ የትከሻውን ቀበቶ አስቀድሜ ስስበው የወገቡን ወደ ሆዴ ያነሣዋል። ሆድ ደግሞ ለስላሳ ነው፣ ስትገለበጪ ይለቅሻል። የወገቡን ቀበቶ ዝቅ አድርገሽ የዳሌ አጥንትሽ ላይ አስቀምጪ፣ በደንብ አጥብቂ፣ የትከሻው ከዚያ በኋላ ይምጣ። በእግር መሃል የሚያልፈውም የወገቡ ቀበቶ ሽቅብ እንዳይሄድ ይይዘዋል። ከመጀመሪያው ግልበጣ በኋላ ሰውነት ስለሚደላደል ቀበቶው ይላላል፣ ቀጥ ብለሽ ስትበሪ እንደገና አጥብቂው። አንድ ነገር ተጠንቀቂ፤ የፓራሹቱ የእግር ዘለበት ከቀበቶው ሥር ከገባ አጥንት ላይ ተጭኖ ያቆስላል።

ስለ ስፖንጁ ከሆነ፣ እኔ የታጠፈ ብርድ ልብስ ከጀርባዬ አስገብቼ ዓመታት በርሬያለሁ፣ ምንም አልሆንኩም።

የአክሮባት አሰልጣኝ፦ ወንድሜ፣ በብርድ ልብሱ አልስማማም። ልቅ የሆነ ነገር ተገልብጠህ ስትበር ከቦታው ይወጣል፣ ሄዶ መሪው ወይም ፔዳሉ ሥር ቢሰካ ምን ታደርጋለህ? ለስላሳ ነገር ደግሞ ሲጨመቅ ቀበቶው ይላላል፣ ያው የሸሸነው ብድግ ማለት ተመልሶ ይመጣል። የሚገባ ነገር ካለ ጠንከር ያለ፣ ስስ፣ የታሰረና የተፈቀደ ይሁን።

እህቴ፣ ይህን ግን ከምቾቱ በላይ አደራ እልሻለሁ። ታጥቀሽ ስትጨርሺ የፓራሹቱን መክፈቻ እጀታ በዓይንሽ እይው፣ በእጅሽም ንኪው። የትከሻ ቀበቶ ሸፍኖት ከሆነ አስተካክይ። ካረፍሽ በኋላም ፓራሹቱን ወንበሩ ላይ ፈትተሽ አትውረጂ፣ ሁልጊዜ እንደለበስሽ ውረጂ። እጅ የለመደውን ነው የሚያደርገው። በየቀኑ የአውሮፕላኑን ቀበቶና ፓራሹቱን ሁለቱንም የሚፈታ እጅ በጭንቅ ሰዓትም ሁለቱንም ይፈታል። መዝለል ግድ ሲሆን ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ የኮክፒቱን (የአብራሪውን ክፍል) ክዳን መክፈት፣ የጆሮ ማዳመጫውን ገመድ መንቀል፣ የአውሮፕላኑን ቀበቶ መፍታት፣ መውጣት። ከአውሮፕላኑ ከራቅሽ በኋላ እጀታውን አይተሽ በሁለት እጅ መጎተት። ይህን መሬት ላይ ሞተር ጠፍቶ ደጋግመሽ ተለማመጂ።

ፓራሹት አጣፊ፦ አንድ ነገር ረስቼ። ስታወልቂው ፀሐይ ላይ አትተዪው፣ ናይለን በፀሐይ ይደክማል። ዘይትና የባትሪ አሲድ ያለበት ቦታም አታስቀምጪው። በመክፈቻው እጀታ አንጠልጥለሽ አትያዢው፣ ይህን ሲያደርጉ አይቼ ደንግጫለሁ። በላብ ከራሰ ንገሪን። የመጨረሻው የታጠፈበት ቀን ካርዱ ላይ አለ፤ በአሜሪካ ደንብ ለምሳሌ የናይለን ፓራሹት ባለፉት 180 ቀናት ውስጥ በባለሙያ የታጠፈ መሆን አለበት። ባንቺ አገር ያለውን ደንብና የአምራቹን መመሪያ እይ።

ጀማሪ አብራሪ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ሞከርኩት። ልክ እንዳላችሁት ማሰሪያው በረጅም ሰው ልክ ነበር። ሰብስቤ አጠበቅሁት፣ የጀርባውን ትራስ አስተማሪዬ ራሱ አነሣልኝ፣ የወገቡን ቀበቶ አስቀደምኩ። ትከሻዬ ቀሎኛል፣ ስገለበጥም መሪውን በሁለት ጣት ይዤ ነበር! ፓራሹቱን እንደለበስኩ መውረዱ ከበደኝ፣ ክንፉ ላይ እግሬን የማሳርፍበት ጠፋኝ። ለካ ሳልለማመደው ነው ስበር የቆየሁት። ብሽሽቴ ላይ ግን አሁንም ትንሽ ይሰማኛል።

ግልብጥ በረራ ወዳጅ፦ ጂንስ ነው የምትለብሺው? የውስጥ ስፌቱ ወፍራም ነው፣ ማሰሪያው ልክ እሱ ላይ ነው የሚያርፈው። ስፌቱ ስስ የሆነ ሱሪ ለብሰሽ ሞክሪና ንገሪን።