ለወገብ ሕመም ላቴክስ ወይስ ሜሞሪ ፎም ፍራሽ? ለዲሲ፣ ሜሪላንድ እና ቨርጂኒያ ነዋሪዎች ጥቆማ

በዲሲ አካባቢ ወገቡን የሚያመው ሐበሻ ብዙ ነው። ቀኑን ሙሉ ኡበር የሚነዳ አለ። በነርሲንግ ሆም ሕመምተኛ ከአልጋ ወደ ዊልቸር ሲያነሳ የሚያድር አለ። ፓርኪንግ ውስጥ ቆሞ የሚውልም አለ። ሁሉም ደክሞት ቤቱ ሲገባ የሚወድቀው ፍራሹ ላይ ነው። ጠዋት ወገቡ ተቆላልፎ ሲነሳ «ፍራሽ ልቀይር፣ የቱ ይሻለኛል?» ብሎ ይጠይቃል።

መልሴን ከፊት ላስቀምጥ። ወገባችሁን የሚያማችሁ ከሆነ፣ ስትተኙ የሚሞቃችሁ ከሆነ እና 1,000 ዶላር አካባቢ ማውጣት ከቻላችሁ፣ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ላቴክስ ግዙ። ሁልጊዜ በጎናችሁ የምትተኙ፣ ትከሻ ወይም ዳሌ የሚቆረቁራችሁ፣ ወይም በጀታችሁ ጠበብ ያለ ከሆነ ደግሞ ጥሩ ሜሞሪ ፎም ይበቃችኋል። ከሁለቱም በፊት ግን መታየት ያለበት ጥንካሬው ነው።

ብዙዎቻችን «ለወገብ ጠንካራ ፍራሽ ነው» እየተባልን ነው ያደግነው። መሬት ላይ ተኛ የሚል ምክር ያልሰማ የለም። በ2003 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ግን ሌላ ነገር ነው ያሳየው። ስፔን ውስጥ ለረጅም ጊዜ ወገባቸውን ያመማቸው 313 ሰዎች በሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ጠንካራ ፍራሽ፣ ግማሾቹ መካከለኛ ፍራሽ ተሰጣቸው። ከ90 ቀን በኋላ የተሻላቸው መካከለኛው የደረሳቸው ናቸው። ተኝተው ሳሉም፣ ከአልጋ ሲነሱም ሕመማቸው ቀንሷል። ምክንያቱ ለመረዳት አይከብድም። በጣም ጠንካራ ፍራሽ ትከሻና ዳሌን ይገፋል፣ ወገብን ግን አንጠልጥሎ ይተወዋል። በጣም ለስላሳው ደግሞ ዳሌን ያሰምጥና አከርካሪውን ያጎብጠዋል።

ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ «ኦርቶፔዲክ» የሚል ጽሑፍ አትፈልጉ። ማንም አምራች ሊለጥፈው ይችላል። «ሚዲየም» ወይም «ሚዲየም ፈርም» የሚለውን ፈልጉ። ከዚያ ጫማችሁን አውልቃችሁ በለመዳችሁት አተኛኘት ሩብ ሰዓት ያህል ጋደም በሉ። ሻጩ አጠገባችሁ ቢቆምም አትፈሩ። በጀርባችሁ ተኝታችሁ እጃችሁን ወገባችሁ ሥር አስገቡ። እጁ ያለ ምንም ንክኪ ወዲያና ወዲህ ካለ ፍራሹ ጠንክሮባችኋል። ጨርሶ አልገባ ካለ ሰምጣችኋል። ትንሽ ታግሎ ከገባ ጥሩ ነው። በጎናችሁ ስትተኙ ደግሞ አብሯችሁ የመጣው ሰው ከኋላ በስልክ ፎቶ ያንሳችሁ። አከርካሪያችሁ ከአንገት እስከ ዳሌ ቀጥ ያለ መስመር መሥራት አለበት።

አሁን ወደ ሁለቱ እንምጣ። ሜሞሪ ፎም በ1960ዎቹ ለናሳ ተብሎ የተሠራ፣ የአውሮፕላን መቀመጫ ትራስ ለማሻሻል የታሰበ ስፖንጅ ነው። በሰውነት ሙቀት ይለሰልሳል፣ ቀስ ብሎም ቅርጻችሁን ይይዛል። ለትከሻና ለዳሌ ምቾቱ ከዚህ ይመጣል። ችግሩም ከዚሁ ነው። ሙቀት ይይዛል። ለመገልበጥ ስትፈልጉ ከሠራው ጉድጓድ መውጣት አለባችሁ፤ ወገቡን ለሚያመው ሰው ይቺ ግልበጣ ቀላል አይደለችም። በብርዱ ወቅት ማሞቂያ ቀንሶ የሚተኛ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ሲጋደም ድርቅ ይልበታል።

አንድ ነገር ላይ ግን ሜሞሪ ፎምን የሚያህል የለም። እንቅስቃሴ አያስተላልፍም። ባል ሌሊት ስምንት ሰዓት ከሥራ ገብቶ ሲጋደም ሚስት አትነቃም። በፈረቃ የሚሠሩ ባልና ሚስት ይህን በደንብ ያስቡበት። እንቅልፍ ያጣ ሰው ወገቡ የበለጠ ይሰማዋል።

ሜሞሪ ፎም ስትገዙ ከውፍረቱ በፊት ዴንሲቲውን (እፍጋቱን) ጠይቁ። በኪዩቢክ ጫማ 4 ፓውንድ እና ከዚያ በላይ ያለው ቶሎ አይጎደጉድም። ሻጩ ቁጥሩን መናገር ካልቻለ እለፉት። ርካሽ ከሆነው ጋር ሌላም ጥንቃቄ አለ። አንዳንዱ እሳት እንዳይዘው ተብሎ ከሽፋኑ ሥር ፋይበርግላስ የሚባል ቀጭን የመስታወት ክር ይደረግበታል። የሽፋኑን ዚፕ ከፍታችሁ ካጠባችሁት የመስታወቱ ብናኝ ቤቱን ይሞላዋል፣ ቆዳ ያሳክካል፣ ለማጽዳትም ፈተና ነው። ካሊፎርኒያ ከጥር 2027 ጀምሮ ፋይበርግላስ ያለበት ፍራሽ እንዳይሸጥ በሕግ ከልክላለች። እኛ ያለንበት አካባቢ ግን መለያውን ራሳችሁ አንብቡ። «ግላስ ፋይበር» የሚል ካያችሁ አትግዙ። ሕፃናት ያሉበት ቤት ከሆነ ይህን ምክር በቁም ነገር ያዙት።

ላቴክስ ከጎማ ዛፍ ፈሳሽ ይሠራል። ስትጋደሙበት ትንሽ ይሰጣል፣ ወዲያው ደግሞ ይገፋችኋል። ዳሌ አይሰምጥም፣ መገልበጥም ቀላል ነው። አየር ስለሚያስተላልፍ እንደ ሜሞሪ ፎም አይሞቅም። ዕድሜውም ረጅም ነው። በደንብ የተያዘ ጥሩ ላቴክስ አሥር ዓመት ሞልቶትም ወገቡን ቀና አድርጎ ታገኙታላችሁ። ዳንሎፕ እና ታላሌይ የሚባሉ ሁለት አሠራሮች አሉ። ዳንሎፕ ጠንከር፣ ከበድ ያለ ነው። ታላሌይ ለስለስ ይላል፣ ዋጋውም ይወደዳል። ለወገብ እኔ ዳንሎፕ ከሥር፣ ቀጭን ለስላሳ ንብርብር ከላይ ያለውን እመርጣለሁ። «ናቹራል» የሚለው ቃል ብቻ አይበቃም፤ ከሰው ሠራሽ ጋር የተቀላቀለም ስላለ፣ ጎልስ የሚባለውን የኦርጋኒክ ላቴክስ ማረጋገጫ እዩ።

ጉድለቱን አልደብቅም። አንድ ኩዊን ላቴክስ ከ100 ፓውንድ በላይ ሊመዝን ይችላል። ሦስተኛ ፎቅ ያለ አሳንሰር የምትኖሩ ከሆነ ጎረምሳ ጎረቤት ያስፈልጋችኋል። ወገቡን የሚያመው ሰው ብቻውን ፈጽሞ አያንሳው። ሌላው አለርጂ ነው። ነርሶች እና የቤት ለቤት ተንከባካቢዎች፣ የላቴክስ ጓንት የሚያሳክካችሁ ከሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ።

የት ይገዛ? ርካሽ እና አስተማማኝ ለሚፈልግ የመጀመሪያ ጥቆማዬ ኮስኮ ነው። ኖቫፎርም የተባለውን ሜሞሪ ፎም ይሸጣል። ትልቁ ጥቅሙ ግን ለአባላቱ የሚሰጠው የመመለስ ዋስትና ነው። ዊተን፣ ቤልትስቪል እና ፔንታጎን ሲቲ ቅርንጫፎች ስላሉት ሩቅ አይሆንባችሁም። ላቴክስ ግን እንደ ልብ በየሱቁ አይገኝም። ለዚህ ስሊፕ ኦን ላቴክስ የተባለው ድርጅት በኦንላይን የሚሸጠውን «ፒዩር ግሪን» እጠቁማለሁ። ሶፍት፣ ሚዲየም እና ፈርም እያለ ይሸጣል፣ የመሞከሪያ ጊዜም ይሰጣል። ለብዙ ሰው የሚሆነው ሚዲየሙ ነው። አቮካዶ የተባለው ፍራሽ ከሥሩ ስፕሪንግ፣ ከላይ ላቴክስ አለው። ትራስ መሰል ንብርብር ሳይጨመርበት ግን ጠንካራ ነው። በጎን ለሚተኛ አልመክረውም። ቴምፐር ፔዲክ በሜሞሪ ፎም ታዋቂ ነው፤ ጥራቱን አልነቅፍም። ዋጋው ግን በብዙ ሞዴሎቹ ከጥሩ ላቴክስ ይበልጣል። በዚያ ዋጋ እኔ ላቴክስ ነው የምገዛ።

ለመሞከር ብቻ ወደ ማትረስ ዌርሃውስ ወይም ማትረስ ፈርም ጎራ ብትሉ ጥሩ ነው። አንድ ነገር ግን እወቁ። ማትረስ ፈርምን በ2025 የገዛው የቴምፐር ፔዲክ እና የሲሊ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ነው። ሻጩ እነዚህን ቢያስቀድም አይግረማችሁ። ዋጋውንም የመጀመሪያውን አትቀበሉ። በሜሞሪያል ዴይ፣ በሌበር ዴይ እና በፕሬዚደንትስ ዴይ ቅናሽ ስለሚኖር፣ ሕመሙ ፋታ ከሰጣችሁ ታገሡ።

ወላጆች ከአገር ቤት ሲመጡ ያለው ጉዳይ ለብቻው ነው። ብዙዎቹ ጠንከር ያለ የጥጥ ፍራሽ ላይ የኖሩ ናቸው። እማማን ለስላሳ ሜሞሪ ፎም ላይ ስታስተኟቸው «ጥሩ ነው ልጄ» ይላሉ። ጠዋት ግን ጠርዙ ላይ ተቀምጠው ለመነሳት ሲቸገሩ ታያላችሁ፤ ጠርዙ ይሰምጥባቸዋል፣ ጉልበታቸው አይገፋም። ለእሳቸው ጠንከር ያለ ላቴክስ፣ ያም ባይሆን ጠርዙ የጠነከረ ስፕሪንግ ይሻላቸዋል። የአልጋው ቁመትም ሲቀመጡ እግራቸው መሬት የሚነካ ይሁን።

ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ አሮጌውን ፈትሹ። ፍራሹ ላይ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ገመድ ወጥራችሁ ጉድጓዱን በማስመሪያ ለኩ። አንድ ኢንች ተኩል ያህል ከጎደጎደ፣ ዋስትናው ካላለቀ አምራቹ ሊቀይርላችሁ ይችላል። ቆሻሻ ወይም እድፍ ካለበት ግን ብዙዎቹ አይቀበሉም። ርብራቡንም እዩ። በጣውላዎቹ መካከል ከ3 ኢንች በላይ ክፍተት ካለ ወይም ኩዊን አልጋው መሃሉ ላይ እግር ከሌለው አዲሱም ፍራሽ ይጎብጣል።

ሕመሙ ጠዋት በርትቶ፣ ስትንቀሳቀሱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚቀል ከሆነ ፍራሹ ይጠረጠራል። ጠዋት ደህና ሆናችሁ ከሰዓት መሪ ላይ የሚብስባችሁ ከሆነ ግን የመኪናውን መቀመጫ አስተካክሉ፣ በየመሃሉ ወርዳችሁ ተራመዱ፤ ፊዚካል ቴራፒም ጠይቁ። እግራችሁ ከደከመ፣ በእግሮቻችሁ መሃል ከደነዘዛችሁ፣ ሽንት ከከለከላችሁ ወይም ካመለጣችሁ የፍራሽ ነገር ይቆይና ቶሎ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

አዲሱ ፍራሽ ሲመጣ መጀመሪያ ውኃ የማያስገባ ሽፋን አልብሱት፤ ደረሰኙንና ካርቶኑን አትጣሉ። ሰውነት እስኪለምደው ጥቂት ሳምንት ይፈልጋል። የመመለሻው የመጨረሻ ቀን መቼ እንደሆነ የዚያኑ ዕለት ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ቀኑ ሳምንት ሲቀረው ጠዋት ጠዋት የሚሰማችሁ ሕመም ካልቀነሰ ሳታቅማሙ ደውሉና መልሱት።