ለእናቶች ማቆያ ቤት፦ ሸክላ፣ ድምፅና ቀለም በአንድ ፕሮፖዛል

አስተባባሪዋ

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። በስብሰባው የተስማማንበት ግልጽ ነው። ማኅበራችን ለአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ፕሮፖዛል ያቀርባል። ሥራው የእናቶች ማቆያ ቤቱንና አጠገቡ ያለውን የወላዶች ክፍል ይመለከታል። ሸክላ ሠሪ፣ አርክቴክት፣ ሠዓሊ፣ የድምፅ ባለሙያ፣ አዋላጅ፣ በገና ደርዳሪ አለን። ይህን ሁሉ ሰው ይዘን የጻፍነው የመጀመሪያ ረቂቅ ግን እንዲህ ይላል፦ «ግድግዳው በሸክላ ጥበብ ይዋባል፤ ለስላሳ ሙዚቃ ይከፈታል፤ የሚያረጋጋ ቀለም ይቀባል።»

እኔን አላረካኝም። ቤቱ ካለቀ በኋላ የሚለጠፍ ጌጥ ነው የሚመስለው።

ለአዲሶቹ አባላት ለምን ማቆያ ቤት እንደመረጥን ልንገራችሁ። ቤቷ ከጤና ተቋም የራቀ ወይም እርግዝናዋ የሚያሰጋ ሴት ቀኗ ሲቃረብ መጥታ የምታርፍበት ቤት ነው። በአገራችን ከቀደምቶቹ አንዱ በጉራጌ፣ በአጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተጀመረው ነው። የዚያ ሆስፒታል የ22 ዓመት መዝገብ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል። በማቆያው ቆይተው ከወለዱት ይልቅ በቀጥታ የመጡት እናቶች ሞት በብዙ እጥፍ በልጦ ተገኝቷል። በቀጥታ የሚመጡት ብዙዎቹ ምጥ ከጠናባቸው በኋላ ስለሚደርሱ ልዩነቱ ሁሉ የቤቱ ነው አይባልም። ቢሆንም ቀድሞ መምጣት ሕይወት ያድናል። ሴትየዋ ግን ቤቱ ካልተመቻት ልጆቿንና ጓዳዋን እያሰበች ቀኗ ሳይደርስ ትመለሳለች። የእኛ ሥራ እንድትቆይ ማድረግ ነው። ከዚህ ተነስታችሁ ረቂቁን አርሙልኝ።

አርክቴክቱ

እኔ ከአንድ ሆስፒታል ልጀምር፤ ፊንላንድ ውስጥ ፓይሚዮ የሚባለው። የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ማረፊያ ነበር፤ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። አልቫር አልቶ ሲነድፈው የተነሳው ከተኛ ሰው ነው። ቆሞ የሚሄድ ሰው ግድግዳ ያያል፤ የተኛ ሰው ኮርኒስ ያያል። ስለዚህ ኮርኒሱ ዓይን የማይወጋ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ተቀባ፤ ግድግዳው ፈካ አለ። መብራቱም የተኛውን ሰው ዓይን እንዳይመታ ተደርጎ ተቀመጠ። በአንድ ክፍል ሁለት ሰው ይተኛል፤ ለየአንዳንዱ የራሱ የእጅ መታጠቢያ አለው። የመታጠቢያው ሸክላ ቅርጹ የተሠራው ውሃው በጣም ጋደል ብሎ እንዲያርፍ ነው። ለምን? አንዱ ሲታጠብ ጫጫታው ሌላውን እንዳይቀሰቅስ።

ሸክላ፣ ድምፅና ቀለም ተብሎ የሚጠየቀው እዚያች ክፍል ውስጥ አንድ ላይ አለ። ለጌጥ ብቻ የገባ ነገር ግን የለም። ፕሮፖዛላችን ይህን መምሰል አለበት እላለሁ።

ውበቱንም አንናቀው። ባርሴሎና ያለው የሳን ፓው ሆስፒታል የተገነባው እ.ኤ.አ. ከ1902 እስከ 1930 ነው። አርክቴክቱ ዶሜነክ ኢ ሞንታኔር ሕሙማኑን በአትክልት መካከል በተበተኑ ቤቶች አሳረፋቸው፤ ቤቶቹንም ከውስጥም ከውጭም በቀለማት በተሞላ ሴራሚክ አለበሳቸው። ሴራሚኩ ይታጠባል፤ ደግሞም ደስ ይላል። እ.ኤ.አ. እስከ 2009 ድረስ ሕሙማን ይታከሙበት ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ድሃ ሕመምተኛም ያማረ ቤት ይገባዋል ብሎ የሠራ ሰው ነው። ይህን ሳስብ ልቤ ይሞላል።

የድምፅ ባለሙያው

በባርሴሎናው ደስ ብሎኛል፤ ግን አንድ ነገር ካሁኑ እንያዝ። ሴራሚክና ጸጥታ ተቃራኒዎች ናቸው። ላዩ የለሰለሰ ሴራሚክ ከሚደርስበት ድምፅ ከመቶ ሁለት እጅ ያህል እንኳ አይውጥም፤ ቀሪውን ይመልሰዋል።

በሒሳብ ላሳያችሁ። 8 ሜትር በ6 ሜትር የሆነ፣ ከፍታው 3 ሜትር ክፍል እንውሰድ። ወለሉም ግድግዳውም ኮርኒሱም ልሙጥና ደረቅ ነው እንበል። የሃርቫርዱ ፊዚሲስት ዋላስ ሳቢን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ባወጣው ቀመር ሲሰላ፣ ባዶው ክፍል ውስጥ አንድ ድምፅ እስኪጠፋ ከ6 ሰከንድ በላይ ይወስዳል። ሳሕን ቢወድቅ፣ ጫጫታው ሳይበርድ ሌላው ይወድቃል። ሰውና ፍራሽ ሲገባ ይቀንሳል፤ ያም ሆኖ ክፍሉ ያስተጋባል። አሁን ኮርኒሱን ብቻ ከድምፁ 60 ከመቶ በሚውጥ ነገር እንሥራው። ጊዜው ወደ 0.7 ሰከንድ ይወርዳል። በአንድ ኮርኒስ!

የዓለም ጤና ድርጅት ሕሙማን በሚተኙበት ክፍል የሌሊቱ ድምፅ 30 ዴሲቤል አካባቢ ይሁን ይላል። ይህ የሹክሹክታ ያህል ነው። ስለዚህ «ለስላሳ ሙዚቃ ይከፈታል» ከማለታችን በፊት «ጫጫታው ይቀነሳል» እንበል። ጫጫታ ላይ ሙዚቃ መጨመር ሌላ ጫጫታ ነው።

አዋላጇ

ጎሽ! ይህን የሚናገር ሰው ስጠብቅ ነበር። እኔ የምሰማውን ልንገራችሁ። የብረት በር ሲላተም። ትሪ ሲወድቅ። ስልክ። ከሁሉ በላይ ግን ክረምት ላይ ቆርቆሮው። ኮርኒስ የሌለው ቤት ውስጥ ዝናብ ሲወርድ ሴትየዋ አጠገቤ ሆና የምትለኝን አልሰማም። ጆሮዬን ለጽንሱ የልብ ምት ደቅኜ ዝናቡን ነው የምሰማው።

ሌላው ከባድ ነው፤ ግን መነገር አለበት። አንዲት እናት ስትወልድ ቤተሰብ እልል ይላል። ደስታ ነው፤ ማንም አይከለክለውም። ግድግዳው ወዲያ ደግሞ ልጇ የሞተባት እናት ተኝታለች። እያንዳንዷ እልልታ ወደ እሷ ታልፋለች። ይህችን ሴት የሚያስብ ዕቅድ እስካሁን አላየሁም። እባካችሁ አንድ ክፍል ራቅ ተደርጎ፣ ወፍራም ግድግዳ ተደርጎለት ይሠራ። ሸክላውም ቀለሙም ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ስለ ቀለምም አንድ ነገር። በወላዶች ክፍል ቢጫም ሆነ ደማቅ ሰማያዊ ግድግዳ አልፈልግም። አራስ ልጅ ቢጫ ሲሆን፣ ወይም ከንፈሩ ሲጠቁር፣ መጀመሪያ የማውቀው በዓይኔ ነው። ግድግዳው ቀለሙን ቆዳው ላይ ከጣለ ሊያሳስተኝ ይችላል።

ሠዓሊው

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እኔ ሰማያዊ ግድግዳ አስቤ ነበር፤ ተውኩት። እንዲያውም «የሚያረጋጋ ቀለም» የሚለውን ሐረግ ከረቂቁ እናውጣው። ይህ ቀለም ደም ግፊት ያወርዳል፣ ያኛው ሕመም ያስታግሳል የሚባለው ነገር ጠንካራ ማስረጃ የለውም። ጠያቂ ቢመጣ እናፍራለን።

ቀለም የሚሠራው ሥራ ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ1914 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሃሪ ሸርማን የሚባል ቀዶ ሐኪም ነጩ ክፍል ዓይኑን ሲያጭበረብርበት ወለሉንና የግድግዳውን ታችኛ ክፍል አረንጓዴ አደረገው። ቀይ ደም ሲመለከት የቆየ ዓይን አረንጓዴ ላይ ያርፋል። ምክንያቱ የታወቀ፣ ሥራው የተለየ ነው። የእኛም እንዲህ ይሁን። ተኝታ የምታየው ኮርኒስ ዝግ ያለ ቀለም ይሁን። ግድግዳው ከነጭ ወደ አፈር ያዘነበለ፣ የቆዳን ቀለም የማይለውጥ ይሁን። ደማቁን ለበሮች እንተወው። ማንበብ የማትችል እናት መጸዳጃው በቀዩ በር፣ አዋላጇ በአረንጓዴው በር መሆኗን በማታም ታውቃለች። የበሩን ዙሪያ ደግሞ እትዬ በሸክላ ቢሠሩልን፣ በዳሰሳም ይለያል።

ሸክላ ሠሪዋ

እሠራለሁ፤ ግን መጀመሪያ ስለ ዕቃው ላስረዳችሁ። እናንተ ሴራሚክ የምትሉት በግሌዝ፣ ማለትም በእሳት እንደ መስታወት በሚሆን ልባጥ፣ የተለበጠውን ነው። እኛ የምንሠራው ሸክላ ግሌዝ የለውም። አፈሩን ቆፍረን፣ ፈጭተን፣ ነፍተን፣ ገል ፈጭተን እንቀላቅልበታለን። በድንጋይ አሽተን እናለሰልሰዋለን። ሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት እንተኩሰዋለን። ጀበናችን ጥቁር የሚያበራው በጭስና በማሸት ነው። ይህ ሸክላ ውሃ ይመጥጣል። ስለዚህ አልጋ አጠገብ፣ ደም ሊነካው በሚችል ቦታ አይሁን። ሲስተር ብታጥበው አይጸዳላትም።

ግሌዝ ካስፈለገ ከ1,000 ዲግሪ በላይ የሚደርስ ምድጃ ይጠይቃል፤ ያንን ከከተማ ምድጃ ካላቸው ጋር እንሥራ። ውሉ ላይ ግን አንድ ነገር በግልጽ ይጻፍ፤ ሊድ (እርሳስ የሚባለው ብረት) ያለበት ግሌዝ አይገባም። ሊድ ለጽንስና ለሕፃን መርዝ ነው። የእኛን ሸክላ ከእጅ በላይ ለሆነ ግድግዳ፣ ለበር ዙሪያ፣ ለግቢው መቀመጫና ለቡናው ስፍራ አድርጉት።

ሁለተኛው ጉዳዬ ይህ ነው። ሸክላ ሠሪ በዚህ አገር ስንት ዘመን «ቡዳ» ተብሎ ሲሰደብ ኖረ። በሸክላው እየበሉ ሠሪዋን ናቁ። አሁን ደግሞ «የአካባቢው እናቶች በነፃ ይሳተፋሉ» የሚል ረቂቅ ላይ አየሁ። አልስማማም። በጤና ጣቢያው አካባቢ ያሉ ሸክላ ሠሪ ሴቶች ይከፈላቸው፤ ሥራቸውም ላይ ስማቸው ይጻፍ። አርክቴክቱ በነፃ ይሠራል ወይ?

አርክቴክቱ

እትዬ ልክ ነዎት፤ ያችን ዓረፍተ ነገር እናወጣታለን።

ስለ ቆርቆሮው አስቤበታለሁ። በሸክላ ክዳን ብንለውጠው ዝናቡ ዝም ይላል። ነገር ግን የሸክላ ክዳን በካሬ ሜትር 40 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ቆርቆሮ 5 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ያለው የባሕር ዛፍ ወራጅ አይሸከመውም። ስለዚህ ቆርቆሮው ይቆይና ከሥሩ ሁለት ነገር እናድርግ፤ የዝናቡን ድምፅ የሚይዝ ከበድ ያለ የጭቃና የጭድ ንጣፍ፣ ከእሱ በታች ደግሞ የክፍሉን ድምፅ የሚውጥ ኮርኒስ። ክብደቱን አስልቼ አመጣለሁ።

የድምፅ ባለሙያው

ኮርኒሱን በከፊል በሸክላ መሥራት እንችላለን። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ውስጥ እንስራ እየቀበሩ አፉን ወደ ክፍሉ ያዞሩት ነበር። ሲናን የሚባለው የኦቶማን አርክቴክት እ.ኤ.አ. በ1557 ባጠናቀቀው በሱለይማኒየ መስጊድም ጉልላቱ ውስጥ ማሰሮዎች አሉ። አንገቱ የጠበበ ማሰሮ እንደ ስፋቱና እንደ አንገቱ ርዝመት አንድን የድምፅ ዓይነት ለይቶ ይይዛል። ነገር ግን የሚይዘው ያንን አንዱን ብቻ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ወፍራሙን። የሳሕንና የበሩን ጫጫታ አይነካውም። ለዚያ እትዬ በቀዳዳ የተሞላ ስስ የሸክላ ጠፍጣፋ ይሥሩልን፤ ከኋላው በጨርቅ የታሸገ ሱፍና ባዶ ክፍተት ይኑር። ቀዳዳው ጌጥም ነው፤ ሥራም ይሠራል።

አዋላጇ

ሱፉ አቧራ ይይዛል። በማቆያ ቤቱ እሺ፤ እዚያ አይወለድም። በወላዶች ክፍል ግን የሚወለወል ነገር ብቻ ይሁን።

በገና ደርዳሪው

እኔ ሙዚቃ ቢቀርም ቅር አይለኝም። ዳዊት ለሳኦል ሲደረድርለት ሳኦል ያርፍ ነበር ይላል መጽሐፉ፤ ይህን ይዤ ነው ወደዚህ ማኅበር የመጣሁት። ዛሬ ቱርክ ውስጥ ባለችው በኤዲርኔ፣ እ.ኤ.አ. በ1488 በተሠራው የዳግማዊ ባየዚድ ሆስፒታል ውስጥም ለሕሙማን ይዘፈን ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ያየው ተጓዡ ኤቭሊያ ቸለቢ፣ 10 ሙዚቀኞች በሳምንት ሦስት ጊዜ እንደሚጫወቱ ጽፏል። ልብ በሉ፤ ቀኑን ሙሉ አይደለም፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ ነው። ከጉልላቱ ሥር ፏፏቴ ስለነበር በቀረው ጊዜ የሚሰማው የውሃው ድምፅ ነው።

እኛ ፏፏቴ አንሠራም፤ ሴቶች ውሃ በጀሪካን በሚቀዱበት ቦታ ነውር ነው። ድምፅ ማጉያም አይሰቀል። የሚመጡት እናቶች ሃይማኖታቸውም ቋንቋቸውም አንድ አይደለም። በእኔ በገና አንዷ ብትጽናና ሌላዋ ባዕድ ይሆንባታል። ይልቅ በግቢው ውስጥ ጥላ ያለው፣ ከኋላው ግማሽ ክብ የሸክላ ግድግዳ ያለው የቡና ስፍራ ይሠራ። የሚዘፍኑትን እነሱ ይምረጡ። ግድግዳው ድምፃቸውን ወደነሱ ይመልስላቸዋል።

አስተባባሪዋ

አመሰግናለሁ። ዋናውን አንቀጽ እንዲህ ጽፌዋለሁ፤ እዩት፦

«የምንሠራው አንዲት ነፍሰ ጡር ያለ ሐሳብ የምትተኛበትን፣ አዋላጇ በደንብ የምታይበትንና የምትሰማበትን ቤት ነው። የክረምቱ ዝናብና የክፍሉ ማስተጋባት በኮርኒሱ ይቀነሳሉ። ልጇን ያጣች እናት የምታርፍበት ድምፅ የማያልፈው ክፍል ይኖራል። በአልጋ አካባቢ የሚታጠብ፣ ሊድ የሌለበት ሴራሚክ ይገባል፤ ከዚያ በላይ ያለው በአካባቢው ሸክላ ሠሪዎች እጅ፣ በክፍያና በስማቸው ይሠራል። ቀለም የሚመረጠው መንገድ ለማሳየትና የተኛን ሰው ዓይን ለማሳረፍ ነው። ከሥራው በፊትና በኋላ የድምፁን መጠን እንለካለን፤ እናቶቹንም እንጠይቃለን።»

ሸክላ ሠሪዋ

«ይሠራል» ብቻ አይበቃም። «ይነደፋል» ጨምሪበት። የቀዳዳውን ቅርጽ እኛ እንወስን።

አስተባባሪዋ

ጨመርኩት፤ «ይነደፋል፤ ይሠራል»።

የድምፅ ባለሙያው

ረቡዕ መለኪያዬን ይዤ እሄዳለሁ። ሲስተር፣ ስንት ሰዓት ብመጣ ነው ትክክለኛውን ጫጫታ የማገኘው?

አዋላጇ

ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ና፤ ራት ተበልቶ ዕቃ የሚታጠበው ያኔ ነው። ከዚያ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ደግመህ ለካ። ማደሪያ አዘጋጅልሃለሁ፤ ጫማህ ግን ድምፅ የማያሰማ ይሁን።