ባለቤቴ እግሬን ስትስበው ጡንቻው ከመላላት ይልቅ ይብስበታል፤ ምን እያጠፋን ነው?

ጠያቂው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነው የምውለው። በሳምንት ሦስት ቀን ደግሞ እሮጣለሁ። የሁለቱም ጭኖቼ የኋላ ጡንቻ ግትር ብሏል። ጫማዬን ለማሰር እንኳ ጉልበቴን ካላጠፍኩ አይሆንልኝም። ብቻዬን ስትሬች ሳደርግ ለውጥ ስላጣሁ ባለቤቴን እንድታግዘኝ ለመንኳት። በጀርባዬ እተኛለሁ፣ እሷ እግሬን ቀጥ አድርጋ ወደ ላይ ትገፋዋለች። መጀመሪያ ላይ ደህና ነው። ትንሽ ቆይቶ ጡንቻው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። እሷ ደግሞ «ቻለው፣ ቻለው» እያለች ትጨምራለች። ባለፈው እሁድ ጮህኩ። ከዚያ ወዲህ እግሬን መንካት ፈርታለች።

ምን ያህል ነው መግፋት ያለባት? ስንት ሰከንድስ ትያዘው? ነው ወይስ ነገሩን ከነአካቴው እንተወው?

ፊዚዮቴራፒስቷ፦
ወንድሜ፣ አትተዉት። «ቻለው» የሚለውን ግን ዛሬውኑ ተዉት።

ጡንቻ ውስጥ ርዝመቱን የሚከታተሉ ጥቃቅን ስሜት ተቀባዮች አሉ። ጡንቻው ድንገት ወይም በኃይል ሲወጠር አደጋ መጣ ብለው ምልክት ይልካሉ። መልሱ መኮማተር ነው። ስለዚህ እሷ ወደ ላይ ስትገፋ አንተ ሳይታወቅህ ወደ ታች እየገፋሃት ነው። መንቀጥቀጡም የዚያ ትግል ነው። በዚህ ትግል ማንም አያሸንፍም።

ለሁለት ሰው የሚሆን ሌላ ዘዴ አለ። እኛ ፒ ኤን ኤፍ እንለዋለን፤ ጡንቻውን መጀመሪያ አኮማትሮ፣ ከዚያ አላልቶ መሳብ ማለት ነው። መሠረቱን የጣለው ኸርማን ካባት የተባለ ሐኪም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ከፊዚዮቴራፒስቶች ጋር ሆኖ የፖሊዮ ሕሙማንን ሲያክም። ለቤት የሚሆነው ቀለል ያለው ክፍሉ ነው። እንዲህ አድርጉት።

መጀመሪያ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ተራመድ፣ ሰውነትህ ይሙቅ። ከዚያ ወለል ላይ ምንጣፍ አንጥፈህ ተኛ። አልጋ ላይ አይሁን፤ ፍራሹ ስለሚሰምጥ ዳሌህ ቦታውን ይለቃል። ባለቤትህ አጠገብህ ተንበርክካ ተረከዝህን ትከሻዋ ላይ ታሳርፍ። አንድ እጇ ከጉልበትህ ከፍ ብሎ ጭንህ ላይ ይሁን። የጉልበት ሎሚው ላይ ግን አትጫን። መጀመሪያ ውጥረት የተሰማህ ቦታ ላይ ስትደርስ «በቃ» በላት። ከአሥር ቢሰጠው አራት ወይም አምስት የሚሆን ውጥረት፣ ሕመም የሌለበት። እዚያ አሥር ሰከንድ ያህል ጠብቁ።

አሁን አንተ ተረከዝህን ወደ ትከሻዋ ተጫን፣ እግርህን ወደ ወለሉ ልትመልስ እንደፈለግህ አድርገህ። ካለህ ኃይል ሲሶውን ብቻ፣ ለአምስት ወይም ለስድስት ሰከንድ። እሷ ምንም አትግፋ። እንደ ግድግዳ ትሁን። ትንፋሽህን እንዳትይዝ ድምፅህን አውጥተህ ቁጠር፤ የሚቆጥር ሰው ትንፋሹን መያዝ አይችልም። ከዚያ መጫኑን ተውና በረጅሙ ተንፍስ። ቀጥሎ ባለው ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ እግሩን ከፍ የምታደርገው አንተ ራስህ ነህ፣ በፊት ጭንህ ጡንቻ። እሷ ትከተልሃለች እንጂ አትቀድምህም። አዲሱ ቦታ ላይ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ያዙት። ይህን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ መልሱት፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን። የመጀመሪያው ዕለት ላይ እግርህ በሦስተኛው ዙር ከበፊቱ ከፍ ሲል ታያለህ።

ያ ማለት ግን ጡንቻህ በአሥር ደቂቃ ረዘመ ማለት አይደለም። ዋናው ለውጥ የነርቭ ሥርዓትህ ውጥረቱን መታገሡ ነው። ለዚህም ነው ሳይቋረጥ ሳምንታት የሚፈልገው።

የማለዳ ሯጭ፦
እኔ አንድ ነገር ልጨምር። ከሩጫ በፊት አታድርገው። አንድን ጡንቻ ከአንድ ደቂቃ በላይ ወጥሮ ይዞ ወዲያው በፍጥነት መሮጥ ጉልበት ይቀንሳል። ከሩጫ በፊት እግር ማወዛወዝ፣ ጉልበት እያነሱ ሶምሶማ፣ እንዲህ ያለው ይበቃል። የሁለት ሰዉን ስትሬች ለሩጫ ማብቂያ ወይም ለማታ አስቀምጠው።

ደግሞ በማግስቱ የሚመጣውን የሰውነት ዝለት ያስቀርልኛል ብለህ ከሆነ እርሳው። ስንት ዓመት ተሳስቤ ሞክሬዋለሁ፤ ዝለቱ በቀኑ ይመጣል፣ በቀኑ ይሄዳል። ባለቤትህ ከሌለች ቀበቶ ወይም ረዘም ያለ ፎጣ እግርህ ላይ አጥልቀህ ያንኑ ማድረግ ትችላለህ። ቀበቶው ግድግዳህ ይሆናል።

አንድ የተጎዳ፦
የእኔን ስማ። ጂም ውስጥ አንድ ጓደኛዬ እንደ አንተው አስተኝቶኝ እግሬን እየገፋ ነበር። እየተሳሳቅን ነው። «ተው» አልኩት፣ ሳቀ። ደግሜ «ተው» አልኩት፣ በሙሉ ክብደቱ ተደገፈብኝ። መቀመጫዬ አጥንት ሥር «ቋ» ሲል ለራሴ ተሰማኝ። ጡንቻው ተቀዶ ነበር። ሦስት ወር በፍጥነት መሮጥ ቀርቶ ወንበር ላይ ጫፉን ይዤ ነበር የምቀመጠው።

ከዚያ የተማርኩት፣ «ተው» ጥሩ ቃል አይደለም። በጨዋታም በቁም ነገርም እንለዋለን። አሁን ከማንም ጋር ስሠራ አስቀድመን ቃል እንስማማለን። የእኔ «ልቀቅ» ነው። «ልቀቅ» ከተባለ ጥያቄ የለም፣ ሳቅ የለም፣ ወዲያው ይቆማል። እግሩንም ጣል አያደርገውም፤ ጉልበቴን አጠፍ አድርጎ ቀስ ብሎ ያወርደዋል። ድንገት መልቀቅም ያማል።

ብረት ገፊው፦
ሁላችሁም ስለ መሳሳብ ታወራላችሁ። ለመሆኑ ጡንቻው አጥሯል ያለው ማነው? ደካማ ጡንቻም እኮ ግትር ነው የሚለው። እኔ ዓመት ሙሉ ስስበው ያልላላ እግር ዴድሊፍት (ጎንበስ ብሎ ክብደት ማንሣት) ስጀምር ነው የተፈታልኝ። በቀላል ክብደት፣ ጉልበትን በትንሹ ብቻ አጠፍ አድርጎ፣ ዳሌን ወደ ኋላ እየገፉ ቀስ ብሎ መውረድ። ጡንቻን በሙሉ ርዝመቱ የሚያሠራ ክብደት ከስትሬች ያላነሰ ያፍታታል፣ ጉርሻው ጥንካሬ ነው። እና ወንድሜ፣ ከዚያ ወንበር በየግማሽ ሰዓቱ ተነሥ። ስምንት ሰዓት ታጥፎ የዋለን እግር በአሥር ደቂቃ አትክሰውም።

ፊዚዮቴራፒስቷ፦
ብረት ገፊው ያለው እውነት ነው፣ እኔም ለታካሚዎቼ ሁለቱንም ነው የማዘው። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እህቴ ባልሽው መንገድ ሁለት ቀን ሠራነው። ጩኸት የለም! ግን አንድ ነገር አሳሰበኝ። ባለቤቴ እግሬ ላይ እያለች ጣቶቼን ወደ እኔ ስትስባቸው፣ ከጉልበቴ ኋላ ተነሥቶ በባቴ በኩል እስከ ውስጥ እግሬ ኤሌክትሪክ የመሰለ ነገር ይነዝረኛል። የግራው ላይ ብቻ ነው። ይህም ውጥረት ነው?

ፊዚዮቴራፒስቷ፦
አይደለም፣ ነርቭ ነው። ጥሩ አድርገህ ጠየቅህ። ከታችኛው ወገብ ተነሥቶ በመቀመጫ በኩል ወደ እግር የሚወርድ ትልቅ ነርቭ አለ። እግር ቀጥ ብሎ ሲነሣና ጣቶች ወደ ራስ ሲሳቡ እሱም አብሮ ይወጠራል። ለመለየት ቀላል ነው። እግርህ ተነሥቶ እንዳለ ጭንህ አይንቀሳቀስ፣ ጣቶችህን ብቻ ሳብና ልቀቅ። ንዝረቱ ከጣቶችህ ጋር ከመጣና ከሄደ የጭን ጡንቻ አይደለም፣ ምክንያቱም የጭኑ ጡንቻ ቁርጭምጭሚትን አያልፍም።

ነርቭ ተወጥሮ መያዝ አይወድም። ስለዚህ ጣቶችህን ልቀቃቸው፣ ጉልበትህንም በትንሹ አጠፍ አድርግ። ንዝረቱ ከጠፋ ቀጥሉ። ካልጠፋ፣ ወይም የወገብ ሕመም፣ መደንዘዝ፣ እግርን ከቁርጭምጭሚት ቀና ለማድረግ መድከም ካለ ስትሬቹን አቁመህ ሐኪም ዘንድ ታይ። በብልትና በመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ ወይም ሽንት መቆጣጠር አለመቻል ከመጣ ደግሞ ነገ አይባልም፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው።

ለሌሎችም ልበል። ባታችሁ በአንድ በኩል ብቻ አብጦ፣ ሞቆ፣ ቀልቶ ከሆነ አትሳቡት፣ አትሹትም። ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። አዲስ የተቀደደ ጡንቻም አይሳብም። የዳሌ መገጣጠሚያ የተተካለት ሰው ደግሞ ቀዶ ጥገና ያደረገለትን ሐኪም ሳይጠይቅ ሰው እግሩን እንዲገፋለት አይፍቀድ።

ጠያቂው (ከሦስት ሳምንት በኋላ)፦
ተመልሼ መጣሁ። ጎንበስ ብዬ የእግር ጣቶቼን ባልነካም ጫማዬን ቆሜ አስራለሁ። ንዝረቱ ጣቶቼን ስለቅ ጠፍቷል። ቃላችን «ዳቦ» ነው፣ የባለቤቴ ምርጫ። አንዴ ብቻ ነው የተባለው፣ እሱም ተረከዜ የትከሻዋ አጥንት ላይ ሲጫናት ራሷ ናት ያለችው። አሁን በመሃል የታጠፈ ፎጣ እናደርጋለን።

ችግሩ አሁን ተራው የእኔ ነው ብላለች። የእሷ አንገት ነው፣ ከጆሮዋ ሥር እስከ ትከሻዋ። እኔስ ጭንቅላቷን ይዤ ያንኑ ላድርግላት?

ፊዚዮቴራፒስቷ፦
ጭንቅላቷን አትሳብ፣ አትጠምዝዝም። አንገት እንደ ጭን አይደለም። ወንበር ላይ ትቀመጥ፣ አንተ ከኋላዋ ቆመህ መዳፍህን ትከሻዋ ላይ አሳርፍ። ትከሻዋን ወደ ጆሮዋ ታንሣ፣ አንተ በቀስታ ያዝባት፣ አምስት ሰከንድ። ከዚያ ትልቀቀው። ጭንቅላቷን ወደ ሌላው ጎን ራሷ ዘንበል ታድርግ፣ የአንተ እጅ ከትከሻዋ አይነሣ። ማዞር ወይም የክንድ መደንዘዝ ከተሰማት አቁሙ። ቃሉ ለእሷም ይሠራል፣ «ዳቦ» ካለች እጅህን አንሣ።