ጥቆማ፦ የዓይን ጉድጓዱ አጥንት ተሰብሮ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ለሚያይ ሰው

ጥያቄ፦ የ28 ዓመት ወጣት ዓይኑ አካባቢ ተመቶ፣ ወደ ላይ ሲያይ ሁሉ ነገር ሁለት ይሆንበታል። አዲስ አበባ ነን። ምን ዓይነት ምርመራ ይነሳ? በቀዶ ጥገና ለተሰበረው አጥንት ማስደገፊያ ከተደረገለትስ ታይታኒየም ይሻላል ወይስ ፕላስቲኩ?

መልስ፦ መጀመሪያ አንድ ዓይኑን ይሸፍን። ሁለትነቱ ከጠፋ ዓይኖቹ እኩል እየዞሩ አይደለም፤ ከስብራቱ ጋር ይሄዳል። ባንድ ዓይንም ሁለት ከታየው ግን ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የዓይኑ ሌንስ ወይም ኮርኒያው (የዓይኑ የፊት ግልጽ ሽፋን) ነው። ጉንጩና የላይኛው ከንፈሩ ከደነዘዘ የጉድጓዱ ወለል ሳይሰበር አልቀረም።

ራጅ ላይ ገንዘብ አታውጡ፤ ወለሉ ስስ ስለሆነ ስብራቱ ያመልጠዋል። ሲቲ ስካን ይነሳ፤ ማዘዣው ላይ «የዓይን ጉድጓድ፣ 1 ሚሊ ሜትር፣ ኮሮናልና ሳጂታል» (በስሱ የተቆረጠ፣ ከፊትና ከጎን የሚያሳይ ምስል ማለት ነው) ይጻፍ። «የጭንቅላት ሲቲ» ብቻ ከተባለ የምስሉ ቁራጭ ወፍራም ይሆንና ስንጥቁ ውስጥ የተቀረቀረው ጡንቻ ላይታይ ይችላል። ሲዲውንም ተቀበሉ፣ ቀዶ ሐኪሙ ራሱ ማየት አለበት። ከዚያ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍል ሂዱ። ጉንጩም ከተሰበረ የፊትና መንጋጋ ቀዶ ሐኪም አብሮ ይየው።

ሌላ መልስ፦ ስለ ማስደገፊያው፦ ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ የታይታኒየም መረብ እመርጣለሁ። ቅርጹን ይይዛል፣ በሲቲም በትክክል መቀመጡ ይታያል። ጉዳቱ ጠርዙ ስለታም መሆኑና ሥጋ በቀዳዳዎቹ ገብቶ መጣበቁ ነው። ፕላስቲኩ (ፖሊኤትሊን) ለስላሳ ነው፣ ግን ሲቲ ላይ እምብዛም አይታይም። ከራስ የሚወሰድ አጥንት ማስደገፊያ ከመግዛት ያድናል፤ ሆኖም ሌላ ቁስል ይጨምራል፣ በጊዜ ብዛትም ይሟሟል። የትኛውም ቢገባ፣ ሐኪሙ ከማስቀመጡ በፊትም በኋላም ዓይኑን በመቆንጠጫ ይዞ በነፃነት መዞሩን ይፈትሽ። ይህ ከተዘለለ ጡንቻው ከማስደገፊያው ሥር ተይዞ ሊቀር ይችላል።

አዋቂ ሰው እብጠቱ እስኪቀንስ መጠበቅ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ በ2 ሳምንት ውስጥ ይወሰናል። ልጅ ከሆነ ግን እባካችሁ አትጠብቁ! የልጅ አጥንት ተጣጥፎ ይመለስና ጡንቻውን እንደ ወጥመድ ይይዘዋል። ዓይኑ ሳይቀላ፣ ሳያብጥ፣ ወደ ላይ ሲያይ ያስመልሰዋል፣ የልብ ምቱም ይቀንሳል። የጭንቅላት ጉዳት ነው ተብሎ ሲታለፍ ጡንቻው ደም አጥቶ ይጎዳል። ቀዶ ጥገናው በ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ቢሆን ይመረጣል።

ተጨማሪ፦ እስከዚያው አይናፈጥ፤ አየር ከሳይነሱ (ከአፍንጫው ጎን ካለው ባዶ የአጥንት ክፍተት) ወደ ዓይን ጉድጓዱ ይገባል። ሕመሙ እየባሰ፣ ዓይኑ እየጠነከረ ወደ ውጭ ከወጣና እይታው ከደበዘዘ ከኋላው ደም እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላልና ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ይግባ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ትንሽ ሁለትነት ቢቀር መነጽር ላይ የሚለጠፍ ፕሪዝም (ብርሃኑን አጥፎ ሁለቱን ምስል አንድ የሚያደርግ ስስ ፕላስቲክ) አለ። እሱ ካልተገኘ ባንዱ መስታወት ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ ፕላስተር መለጠፍ ለጊዜው ያሳርፋል።