ለስምንት የድሮ ጓደኛሞች የገጠር ቤት፦ ከሁለቱ የቱን እንያዝ?

ጥያቄ፣ ከአስተባባሪዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የዩኒቨርሲቲ ጓደኛሞች ነን። ከተመረቅን ወዲህ ሁላችንም አንድ ላይ ተሰብስበን አድረን አናውቅም። ዘንድሮ ተማክረን፣ ከከተማ ወጣ ያለ ቤት ተከራይተን አራት ሌሊት አብረን ልናሳልፍ ነው። ፍለጋው እንደተለመደው እኔ ላይ ወደቀ።

ስምንት ነን። ሁለት ባለትዳር ጥንዶች አሉ፤ አንዶቹ ዓመት ያልሞላው ልጅ ይዘው ይመጣሉ። የቀረነው ሁለት ሴቶችና ሁለት ወንዶች ነን። ከወንዶቹ አንዱ ጉልበቱን ኦፕራሲዮን ካደረገ ብዙም አልቆየም፤ ደረጃ ያስቸግረዋል።

ሁለት ቤት ላይ ደርሻለሁ። ኪራያቸው ተቀራራቢ ነው። የመጀመሪያው ፎቅ ያለው ትልቅ ቤት ነው፦ አራት መኝታ ቤት፣ ሰፊ ሳሎን፣ ዓይን የሚማርክ በረንዳ። ማስታወቂያው «እስከ አሥር ሰው ያስተኛል» ይላል። መታጠቢያ ቤቱ ግን አንድ ነው። ሁለተኛው በአንድ ግቢ ውስጥ ያሉ ሁለት ትንንሽ ቤቶች ናቸው። እያንዳንዳቸው ሁለት መኝታና አንድ መታጠቢያ አላቸው። ወጥ ቤትና ሳሎን ያለው ግን አንዱ ብቻ ነው።

ፎቶዎቹን ግሩፓችን ላይ ስለጥፍ ሁሉም በረንዳውን አይተው ትልቁን መረጡ። እኔ ልቤ አልረጋልኝም። አከራዮቹን ምን ልጠይቅ? ገንዘቡንስ እንዴት እንካፈል? እኩል ይሁን ብል አንዱ የተንጣለለ ክፍል፣ ሌላው ጓዳ ይደርሰዋል።

መልስ፣ ከበር ቆጣሪው፦

እህቴ፣ «እስከ አሥር ሰው ያስተኛል» የሚለውን እርሺው። አከራይ ሲቆጥር የሳሎኑን ተዘርጊ ሶፋም ይቆጥራል። መሬት ላይ የሚነጠፍ ፍራሽ የሚጨምርም አለ። አንቺ በር ቁጠሪ። በሩን ዘግቶ ያለ ሐሳብ መተኛት የሚችለው ስንት ሰው ነው?

ትልልቅ አሮጌ ቤቶች ላይ የሚያጋጥም ነገር አለ። አንዱ መኝታ ቤት የሚገባው በሌላው መኝታ ቤት በኩል ይሆናል። ፎቶ ይሄን አያሳይም። የሚታወቀው እኩለ ሌሊት ላይ ሽንት ቤት የተነሳ ሰው ግድግዳ እየዳበሰ ከባልና ሚስት አልጋ ግርጌ ሲያልፍ ነው።

ስለዚህ አከራዩ የቤቱን አቀማመጥ ወረቀት ላይ በእጁ ስሎ፣ ፎቶ አንስቶ እንዲልክልሽ ጠይቂው። ማማር የለበትም። ክፍሎቹ፣ በሮቹ በየት በየት እንደሆኑ፣ ደረጃው ከየት እንደሚነሳ ከታየ ይበቃል። ይሄን ለመሳል ካቅማማ፣ ማቅማማቱ ራሱ መልስ ነው።

የአልጋውንም ስፋት በሜትር ጠይቂ። «ደብል አልጋ» ሲሉሽ ዝም ብለሽ አትቀበዪ። 1.40 ሜትር የሆነ አልጋ ለሁለት ሲካፈል ለአንድ ሰው 70 ሴንቲሜትር ነው የሚደርሰው። የአንድ ሰው አልጋ እንኳ ብዙ ጊዜ 90 ነው። ባለትዳሮቹ ይቻቻላሉ እንበል፤ ሁለቱን ወንዶች ግን እዚያ ላይ እንዳታጋድሚያቸው።

መልስ፣ ከቧንቧ ሠራተኛው፦

እኔ እንጀራዬ ቧንቧ ስለሆነ በረንዳው አይታየኝም። አንድ መታጠቢያ ለስምንት ሰው? ሽንት ቤቱና ሻወሩ አንድ ክፍል ውስጥ ከሆኑ አንድ ሰው በታጠበ ቁጥር ሰባቱ በር ላይ ይቆማሉ። ከተለያዩ ችግሩ በግማሽ ይቀላል። መጀመሪያ ይሄን አጣሪ።

ቀጥሎ «ቦይለሩ ስንት ሊትር ይይዛል?» በይው። 50 ሊትር ነው ካለሽ እንዲህ አስቢው። ውሃው እስከ 60 ዲግሪ ሞቆ ከቀዝቃዛው ጋር ሲደባለቅ ለገላ የሚሆን 90 ሊትር ያህል ይወጣዋል። የተለመደ ሻወር በደቂቃ ከ8 እስከ 10 ሊትር ያፈሳል። ሁሉም አምስት አምስት ደቂቃ ብቻ ቢታጠብ፣ ሦስተኛው ሰው ሳሙናውን እንደተቀባ ውሃው ይቀዘቅዝበታል። ማሞቂያው 1.5 ኪሎዋት ከሆነ እንደገና እስኪሞቅ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ስምንታችሁም ጠዋት ልታጠብ ካላችሁ የመጨረሻው ሰው ተራ የሚደርሰው ከሰዓት በኋላ ነው። በሁለቱ ትንንሽ ቤቶች ግን ሁለት ቦይለር አለ ማለት ነው። ግማሹ ጠዋት፣ ግማሹ ማታ ቢታጠብ ማንም አይቸገርም።

ገጠር ላይ አንድ ነገር ጨምሪ። ውሃው የሚመጣው በፓምፕ ከሆነ መብራት ሲጠፋ ውሃም አብሮ ይጠፋል። ከፍ ያለ ቦታ ላይ የተቀመጠ ታንከር ካለ ግን በራሱ ይወርዳል። ፍሳሹም ጉድጓድ ውስጥ የሚገባ ከሆነ የሕፃኑን እርጥብ መጥረጊያ ሽንት ቤት ውስጥ እንዳይጥሉ ለወላጆቹ ንገሪያቸው። አይሟሟም። መስመሩን ሲደፍነው የሁላችሁም ጣጣ ይሆናል።

መልስ፣ ከማታ ወፍ፦

እኔ በዚህ አልስማማም። ሰው ከድሮ ጓደኞቹ ጋር የሚሄደው ገላውን ሊታጠብ ነው እንዴ? ዋናው ጨዋታ ማታ ነው። ቤቱ ሁለት ሲሆን ገና እራት ከመነሳቱ አንዱ «በቃ ልሂድ» ይላል፤ ሌላው ይከተለዋል፤ ጨዋታው ተበተነ። አንድ ጣሪያ ስር ከሆናችሁ እንቅልፍ ያጣ ሰው ሳሎን ሲወጣ እንደ እሱ እንቅልፍ ያጣ ያገኛል። የቆየ ወሬ የሚወጣው ያኔ ነው።

ከመኝታው በፊት ሳሎኑን እዪ። ስምንታችሁም ፊት ለፊት ተያይታችሁ የምትቀመጡበት ቦታ አለ? ስምንት ወንበር ያለው ጠረጴዛስ? ሶፋው አራት ሰው ብቻ የሚይዝ ከሆነ የቀሩት ክፍላቸው ገብተው ስልክ ሲጎረጉሩ ያመሻሉ። እሱን እቤታቸውም ይችሉ ነበር።

መልስ፣ ከሁለት ልጆች እናት፦

የማታ ወፍ፣ ልጅ የለህም መሰለኝ። ሕፃኑ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይተኛል። ግድግዳ ማዶ ሰባት ሰው ይስቃል። እናቱ በየሳቁ ትሳቀቃለች። «ቀስ በሉ» ማለት ሼም ይይዛትና በማግስቱ እሷም ከልጁ ጋር በጊዜ ትገባለች። ለጨዋታ የመጣችው ሴት ከጨዋታው ቀረች ማለት ነው።

በእኔ በኩል ሁለቱ ትንንሽ ቤቶች ይሻላሉ። ሳሎን የሌለው ቤት የልጁና ቀድመው የሚተኙት ይሁን። ወጥ ቤት ያለው የአምሺዎቹ ይሁን። በየግሩፑ ሁለት ሦስት «ከአራት ሰዓት በኋላ ዓይኔ አይገለጥም» የሚል አይጠፋም፤ እነሱን ጠይቂያቸው፣ ደስ ብሏቸው ከልጁ ጋር ያድራሉ። ወላጆቹ ድምፅ ማዳመጫ መሣሪያ ካላቸው በሁለቱ ቤቶች መካከል መሥራቱን እንደደረሱ ይሞክሩት። ወፍራም ግድግዳ ያዳክመዋል። ካልሠራ ባልና ሚስት ተራ ይግቡ።

ደግሞ ግቢው ውስጥ ኩሬ ወይም ያልተከደነ ጉድጓድ አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ። የሚድህ ልጅ ለአፍታ ዘወር ስትዪ የት እንደሚደርስ አታውቂም።

አስተባባሪዋ፦

ተባረኩ። ሁለቱንም አከራዮች ሥዕል ጠየቅኩ፤ ሁለቱም ላኩ። በር ቆጣሪው፣ ነገርህ ልክ ሆኖ ተገኘ። የትልቁ ቤት አራተኛ ክፍል ፎቅ ላይ ነው፤ መግቢያው በሦስተኛው ክፍል በኩል ብቻ ነው። መታጠቢያው ምድር ቤት ነው፣ ሽንት ቤቱም እዚያው ውስጥ።

ሁለቱ ትንንሽ ቤቶች 60 ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ወጥ ቤት ያለው ከላይ ነው። ወደ ታችኛው ለመውረድ ስድስት የድንጋይ ደረጃ አለ። መንገዱ ላይ መብራት የለም። ኩሬም ጉድጓድም የለም። ሳሎኑ ጠባብ ነው፤ ግን ውጭ ላይ ጣሪያ ያለው ረጅም ጠረጴዛ አለ።

መልስ፣ ከበር ቆጣሪው፦

ጉልበቱን የታመመው ልጅ ላይኛው ቤት ይግባ፤ ምግቡም ጨዋታውም እዚያው ነው፤ ደረጃውን ጨርሶ አያየውም። ለሌሎቻችሁ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ይበቃል። የስልክ መብራት አንድ እጅ ይይዛል፤ ልጅ ታቅፎ ደረጃ የሚወርድ ሰው ሁለቱም እጆቹ ያስፈልጉታል።

የማታ ወፍ፦

ጣሪያ ያለው ረጅም ጠረጴዛ ካለማ እጄን ሰጥቻለሁ። ብርድ ልብስ ይዛችሁ ሂዱ። ገጠር ማታ ይበርዳል።

መልስ፣ ከአሮጌው ሹፌር፦

ልጄ፣ ቤቱን ጨርሳችኋል፤ መንገዱን ማንም አላነሳውም። ካርታው ላይ «ሁለት ሰዓት» ቢልሽ አትመኚው። ዋናው አስፋልት የት እንደሚያልቅ፣ ከዚያ በኋላ ፒስታው ስንት ኪሎሜትር እንደሆነና ዝናብ ሲጥል የቤት መኪና ይገባው እንደሆነ አከራዩን ጠይቂ። «ማንኛውም መኪና ይገባል» ካለሽ፣ «ባለፈው ዝናብ ጊዜ የመጡት ተከራዮች በምን መኪና ገቡ?» በዪው። ለእንዲህ ያለ ጥያቄ በደፈናው መመለስ ይከብዳል።

ጎግል ማፕ ላይ የሳተላይቱን ምስል ክፈቺ። ጎረቤት፣ ዶሮ እርባታ፣ ወፍጮ ቤት፣ አውራ መንገድ ከአጠገቡ ካለ ይታይሻል። ምስሉ የቆየ ሊሆን እንደሚችል ግን ልብ በዪ። ካርታውን ከመነሳታችሁ በፊት ስልክ ላይ አውርጂው፤ ኔትወርክ ቢጠፋም ይመራሻል። ቦታውን በተመለከተም «ከዛፉ ወደ ግራ» የሚል አቅጣጫ አትቀበዪ፣ ሎኬሽን ይላክልሽ። ዋናው ነገር በቀን ብርሃን ድረሱ።

አስተባባሪዋ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ፒስታው አራት ኪሎሜትር ነው አሉኝ። ባለፈው ዝናብ የመጡት የቤት መኪናቸውን መገንጠያው ላይ አቁመው በአከራዩ ፒክአፕ ነው የገቡት። ባይጠይቁልኝ ኖሮ እዚያ ጭቃ ውስጥ ነበር የማውቀው።

መልስ፣ ከሂሳብ ወዳድ፦

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። የአራት ሌሊት ኪራይ የሃያ ዓመት ወዳጅነት ሊያደፈርስ ይችላል፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። እኩል ማካፈል ይቀላል፣ ግን ጓዳ የደረሰው ሰው አፍ አውጥቶ ባይናገርም ይከነክነዋል።

እኔ የምወደው አካሄድ ይሄ ነው። ጠቅላላ ኪራዩን 100 በዪው። ግማሹን በሰው እኩል አካፍዪ፤ ሳሎኑ፣ ወጥ ቤቱ፣ ግቢው የሁሉም ነውና። 50 ለስምንት፣ ለእያንዳንዱ 6.25። ሕፃኑ አይቆጠርም። የቀረውን 50 ለክፍሎቹ እንደ ጥራታቸው ስጪ። ለምሳሌ ትልቁ ክፍል 18፣ ሁለቱ መካከለኞች 12፣ 12፣ ከወጥ ቤቱ ጋር ግድግዳ የሚጋራው 8። በየክፍሉ ሁለት ሰው ሲተኛ፣ ትልቁ ክፍል ያሉት በነፍስ ወከፍ 15.25፣ መካከለኞቹ 12.25፣ ጠባቡ ክፍል ያሉት 10.25 ይደርሳቸዋል።

የክፍሎቹን ዋጋ ማን ይወስን? አንቺ ብቻሽን እንዳትወስኚ፣ ትታሚያለሽ። ግሩፑ ላይ ለጥፊና «በዚህ ዋጋ የቱን ትመርጣላችሁ?» በያቸው። ሁለት ወገን አንዱን ክፍል ከፈለጉ የዚያን ክፍል ከፍ፣ ማንም ያልፈለገውን ዝቅ አድርጊ። እንደገና ጠይቂ። ሁሉም የተለያየ ክፍል ሲመርጥ ቁሚ። ፍራንሲስ ሱ የተባለ የሂሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው ጽሑፍ፣ ጥቂት ቅድመ ሁኔታዎች እስከተሟሉ ድረስ ሁሉንም የሚያስማማ እንዲህ ያለ ዋጋ እንደሚገኝ በሂሳብ አሳይቷል። በተግባር ሁለት ሦስት ዙር ይበቃችኋል።

የምግብና የነዳጅ ወጪን ከኪራዩ ጋር አታደባልቂ። ስፕሊትዋይዝ የሚባለው አፕ ላይ እያንዳንዱ የከፈለውን ያስገባ፤ በመጨረሻ ማን ለማን ስንት እንደሚሰጥ ራሱ ያወጣዋል።

መልስ፣ ከጠርጣራዋ፦

ገንዘብ ከመላክሽ በፊት ፎቶዎቹን ጎግል ሌንስ ላይ ጫኚያቸው። ያው ፎቶ በሌላ ስም፣ በሌላ አገር ከወጣ ቤቱ የለም ማለት ነው። ከዚያ አከራዩን ቪዲዮ ኮል ጠይቂ። ከበሩ ጀምሮ እየተራመደ ያሳይሽ፤ ቧንቧውን ይክፈት፣ መብራቱን ያብራ። ሰፊ የሚያነሳ ሌንስ ጓዳውን አዳራሽ ያስመስለዋል። ሰው ሲራመድበት ግን ስፋቱ ይታወቃል።

በድረ ገጽ ከሆነ የያዝሽው፣ ክፍያውን እዚያው ጨርሺ። «ቀጥታ ብትልኪልኝ እቀንስልሻለሁ» የሚል ሰው ቢመጣ፣ ነገር ሲበላሽ ድረ ገጹ አያውቅሽም። በቀጥታ ከባለቤቱ ከሆነ ደግሞ ቀብዱ ስንት እንደሆነ፣ ብትሰርዙ ስንት እንደሚመለስና እስከ መቼ እንደሆነ፣ መያዣው በስንት ቀን እንደሚለቀቅ በጽሑፍ ይስጥሽ። የቴሌግራም መልእክትም ቢሆን ይሁን፤ በስልክ የተባለ ነገር ግን ማስረጃ የለውም።

አንድ የማልደራደርበት ነገር አለ። ቤቱ የሚሞቀው በከሰል፣ በእንጨት ወይም በጋዝ ከሆነ መኝታ ክፍሎቹ አጠገብ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ መኖሩን አረጋግጪ። ከሌለ ገዝተሽ ሂጂ፣ በባትሪ ይሠራል። ጋዙ አይታይም፣ አይሸትም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲጀምር ሰው ድካም ይመስለዋል፣ ይተኛል፣ ላይነሳ ይችላል። የከሰል ምድጃ በምንም ምክንያት መኝታ ቤት አይግባ፤ መስኮት ገርበብ ማድረግ መፍትሔ አይደለም።

አስተባባሪዋ፦

ወስነናል፤ ሁለቱን ትንንሽ ቤቶች እንይዛለን። ሥዕሉን ግሩፑ ላይ ስለጥፈው ስለ በረንዳው ያነሳ ሰው የለም። ባለ ልጆቹ ታችኛው ቤት፣ ባለ ጉልበቱ ላይኛው ቤት። ክፍል መራጩ ሁለተኛ ዙር ላይ ነው። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ቀብዱን ስድስቱ ልከዋል፤ ሁለቱ «እሺ፣ እሺ» እያሉ ነው። ከኪሴ ልሙላላቸው?

ሂሳብ ወዳድ፦

አትሙዪ። ቀን ቁረጪላቸው። እስከዚያ የከፈለ ክፍል ይመርጣል፣ ያልከፈለ የተረፈውን ይወስዳል።

አስተባባሪዋ፦

እንዳልከው ጻፍኩላቸው። አንደኛው ወዲያው ላከ። ሁለተኛዋ «የተረፈው የትኛው ነው?» ብላ ጠይቃለች።