ካቶሊክ ሲስተሮቹ ያስተማሩን ኮምፖስት አልሞቅ አለ

ሰላም ወገኖች። እናቴ ጅማ ዞን፣ ማና ወረዳ ትንሽ የቡና ማሳና የበቆሎ ጓሮ አላት። ሲስተሮቹ የሰፈሩን ሴቶች ሰብስበው ኮምፖስት አሠራር አሳይተዋቸዋል። (እኛ ሙስሊም ነን፤ እነሱ ማንንም አይለዩም።) እሷም ዘንድሮ ዩሪያ አልገዛም ብላ ድርቅ አለች! ዋጋውን ሳየው አልፈርድባትም። የቡና ገለባ፣ እበትና አመድ ደርድራ በኮባ ቅጠል ሸፈነችው። ሦስት ሳምንት ሞላው። ዱላ ሰክቼ ሳወጣው ግን ቀዝቃዛ ነው። ምን አጠፋን?

መልስ 1፦
ዱላው ሲወጣ ርጥብ ነው ደረቅ? ደረቅ ከሆነ ክምሩ ውሃ ጠምቶታል። የቡና ገለባ ብቻውን ቶሎ አይበሰብስም። ርጥብ ቅጠልና ትኩስ እበት ጨምሩ፣ ገልብጡት፣ ውሃ አርከፍክፉ። በእጅ ጨብጠህ ስትጨምቀው ጠብታ ብቻ ከወጣ በቂ ነው። አመድ አታብዙ።

መልስ 2፦
ለበቆሎው ዩሪያውን በአንዴ ባትተዉት ይሻላል። የጅማ አፈር ዝናብ ያጠበው፣ አሲዳማ ነው። ኮምፖስት ይረዳል፣ አሲዱን የሚቀንሰውን ኖራ ግን አይተካም። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ደግሞ አፈር የሚይዝ ቬቲቨር ሳር በረድፍ ትከሉ። አለዚያ የደከማችሁበት ኮምፖስት በክረምት ጎርፍ ጎረቤት ማሳ ይገባል።

ጠያቂው፦
ደረቅ ነው፣ አቧራ! ለእናቴ ስነግራት «ሲስተሯ ውሃ አጠጪው ብላኝ ነበር፤ ውሃ አታባክኚ ያልከኝ አንተ ነህ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ጀሪካን ይዤ ወጣሁ።