ቪትዝ ጠዋት ጠዋት አልነሳ ትላለች፤ የነዳጅ ፖምፓ ልቀይር ወይስ ሌላ ነገር ነው?

ቪትዝ ከአዳማ

ሰላም ለሁላችሁ። የ2003 ሞዴል ቶዮታ ቪትዝ አለችኝ፣ 1.3 ሞተር። ችግሯ ጠዋት ነው። ሌሊቱን ቆማ ስታድር ሞተሪኖው (ማስነሻው) በጉልበት ይዞራል፣ እሷ ግን አትነሳም። ቁልፉን መልሼ እንደገና ስሞክር ትነሳለች። ከተነሳች በኋላ ምንም የለባትም፤ ሚኒሞዋ ልክ ነው፣ ወንጂ ደርሼ ስመለስ አንድም ቀን መንገድ ላይ ጠፍታብኝ አታውቅም። ቀን ላይ ፖስታ ቤት አካባቢ አቁሜያት ጉዳዬን ጨርሼ ስመለስ ደግሞ ገና ቁልፉን ስነካው ትነሳለች። የሞተር መብራት አልበራም፣ ካንዴላም አዲስ ነው። ጋራዥ ስወስዳት መካኒኩ ቁልፉን ኦን ላይ አድርጎ ኋላ ወንበር ላይ ጆሮውን ደቅኖ አዳመጠና «ፖምፓው ድምፅ የለውም፣ ሞቷል፣ ይቀየር» አለኝ። የሞተ ፖምፓ እንዴት ነው ወንጂ አድርሶ የሚመልሰኝ? ዋጋው ቀላል አይደለም፣ ኦሪጅናሉን ከኮፒው መለየትም ለእኔ ከባድ ነው። የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ባለ ዲኤክስ

እህቴ ቀይሪው ተገላገዪ። የእኔም ኮሮላ ዲኤክስ ጠዋት እንዲሁ ታስቸግረኝ ነበር፣ ፖምፓው ተቀይሮ ተሻላት።

የመኪና ኤሌክትሪሻን

ገና አትቀይሪ። የወንድማችን ዲኤክስ ሌላ ነገር ናት፤ ካርቡሬተር ነው ያላት፣ ፖምፓዋም ሞተሩ ጎን ላይ ታስሮ በሞተሩ ጉልበት የሚገፋ ነው። የአንቺ በኤሌክትሪክ የሚሠራና ታንከር ውስጥ የተቀመጠ ነው።

መካኒኩ ያደረገው ፈተና ለአንቺ መኪና አይሆንም። ብዙ መኪኖች ቁልፍ ኦን ሲደረግ ፖምፓቸው ለሁለት ሰከንድ ያህል እዝዝ ይላል። የዚያን ጊዜ ብዙዎቹ ቶዮታዎች ግን እንደዚያ አይደሉም። ፖምፓው ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ሞተሪኖው መዞር ሲጀምርና ኮምፒውተሩ የሞተሩን መዞር ሲያይ ነው፣ ስለዚህ ኦን ላይ ዝም ቢል ምንም ማለት አይደለም። ድምፁን መስማት ከፈለጋችሁ አንድ ሰው ቁልፉን አዙሮ ሞተሪኖውን ያሠራ፣ ሌላው የነዳጅ መሙያውን ክዳን ከፍቶ ያዳምጥ። ቁልፉን ኦን ኦፍ እያደረግሽ ጠብቂ የሚሉሽም ለዚህች መኪና አይጠቅምም።

አንቺ እንደምትዪው ከሆነ ፖምፓው ይገፋል፤ የማይሆነው መስመሩ ግፊቱን ይዞ ማደሩ ነው። ፖምፓው ውስጥ ቤንዚኑ ወደ ታንከር እንዳይመለስ የምትዘጋ ትንሽ ቫልቭ አለች። ሞተሩ ሲጠፋ እሷ ትዘጋና ቱቦው ቤንዚኑን ሞተሩ ውስጥ እስከሚረጨው ኢንጀክተር ድረስ እንደተወጠረ ይቆያል። ካልዘጋች ሌሊቱን ግፊቱ ይወርዳል፣ የጠዋቱ የመጀመሪያ ሙከራ ግፊቱን በመመለስ ብቻ ያልቃል፣ በሁለተኛው ትነሳለች። ቀን ላይ ገና ስላልወረደ አያስቸግርሽም። ግን ግፊቱን የምታወርደው እሷ ብቻ አይደለችም። እዚያው ታንከር ውስጥ ያለው የግፊት መቆጣጠሪያ (ሬጉሌተር) ወይም የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተርም ያወርደዋል። ኢንጀክተር ከሆነ ብዙ ጊዜ ጠዋት ስትነሳ ጥቁር ጭስና ኃይለኛ የቤንዚን ሽታ አለ።

በግምት ገንዘብ አታውጪ፣ በግፊት ጌጅ አስለኪ። ሞተሩ እየሠራ ከ304 እስከ 343 ኪሎፓስካል ማሳየት አለበት፣ በባር ከ3 እስከ 3.4 ገደማ ማለት ነው። ከጠፋ ከ5 ደቂቃ በኋላ ደግሞ ቢያንስ 147 ኪሎፓስካል መያዝ አለበት። ካልያዘ፣ ጌጁ መዝጊያ ካለው እንደገና አስነስተው ያጥፉና ወዲያው ከታንከር የሚመጣውን ይዝጉት። ተዘግቶም ከወረደ ኢንጀክተር ነው፤ ከያዘ ጥፋቱ ታንከር በኩል ነው። ጌጅ የሌለው ጋራዥ ፖምፓ ቀይሪ ቢልሽ አትስሚው፣ ሌላ ጋ ሂጂ።

ሹፌር፣ ሀዋሳ

ኤሌክትሪሻኑ ልክ ነው። እኔ የምጨምረው፣ ሰልፉ ቢያማርርም ነዳጅ እስኪያልቅ አትንጂ። ፖምፓውን የሚያቀዘቅዘው የተጠመቀበት ቤንዚን ነው። ታንከሩ ባዶ ሲሆን በእናንተ ሙቀት ላይ ይግላል፣ ዕድሜው ያጥራል። ሩብ ሲደርስ ሙዪ። የጀሪካን ቤንዚንም ተጠንቀቂ፤ ውሃና ቆሻሻ ይኖረዋል፣ ውሃው ታች ይቀመጣል፣ ፖምፓው የሚስበው ደግሞ ከታች ነው። ፖምፓው ሥር ያለችው ወንፊት ከተደፈነች አዲስ ፖምፓ ብትገዢም ትርፉ ድካም ነው።

ቪትዝ ከአዳማ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፍራንኮ አካባቢ ጌጅ ያለው ባለሙያ አግኝቼ አስለካሁ። እየሠራች 3.2 ባር። ስናጠፋት መርፌዋ እያየናት ወረደች፣ 5 ደቂቃም ሳይሞላ ዜሮ አጠገብ ደረሰች። እንደገና አስነስተን አጥፍተን የታንከሩን መስመር ሲዘጋው ግን ቀጥ ብላ ቆመች። ጭስም ሽታም የለም። አሁን ፖምፓ ልግዛ?

የመኪና ኤሌክትሪሻን

ጥሩ ባለሙያ ነው የገጠመሽ። 3.2 ካሳየ ፖምፓው እየገፋ ነው፣ ጥፋቱም ታንከር በኩል መሆኑ ታውቋል። ሳትገዢ በፊት ይከፈትና ይታይ። በአንቺ መኪና ፖምፓው፣ ፊልትሮውና ሬጉሌተሩ አንድ ላይ ነው የተገጠሙት፣ ኋላ ወንበሩ ሲነሳ ክዳኑ እዚያ ሥር ነው። ፖምፓው ፊልትሮው ላይ የሚገባበትና ሬጉሌተሩ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ትንንሽ የጎማ ቀለበቶች አሉ። ሲደርቁ ወይም ሲሰነጠቁ ግፊቱ በእነሱ በኩል ወደ ታንከር ይመለሳል፣ ምልክቱም ልክ እንደ አንቺ ነው። እነሱ ከሆኑ በትንሽ ወጪ ያልቃል። ቀለበቶቹም ሬጉሌተሩም ጤነኛ ከሆኑ የቀረችው የፖምፓው ቫልቭ ናት፣ ያኔ ፖምፓውን ግዢ።

ከመክፈታቸው በፊት የመስመሩ ግፊት ይውረድ፣ የባትሪው ኔጋቲቭ ይነቀል፣ መኪናዋ ደጅ ትቁም፣ አጠገቧ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አይኑር። ታንከሩም ሙሉ ባይሆን ይሻላል። ሲዘጉ የታንከሩ አፍ ጎማ አዲስ ይሁን። አሮጌው ጎማ ቤንዚን ጠጥቶ ስለሚያብጥ መልሶ ልኩ ላይ አይገባም፣ በእሱ በኩል ሽታው መኪናው ውስጥ ይገባብሻል።